ያንን በር የሠራሁት እኔ ነኝ

መብራት የሄደው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። አሁን አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው። በያጅ መብራት ሲሄድበት መጀመሪያ ቤቱን ይጠርጋል። ቀጥሎ ያልተከፈለውን ዱቤ ይደምራል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ስለ ውጭ አገር ማንበብ ይጀምራል። እኔ ሦስቱንም ጨርሻለሁ።

ሁለቱ ረዳቶቼ ደጅ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ታናሽየው ድንገት ዞር ብሎ፣ "አለቃ፣ ጀርመን አገር መብራት ይጠፋል እንዴ?" አለኝ። ደነገጥኩ። ከቤቴ ሰው ውጭ እዚህ ለማንም አልነገርኩም። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ባለፈው ሳምንት ነው። ለካ የጀርመንኛ ደብተሬን የኤሌክትሮድ ካርቶን ላይ ረስቼው ኖሯል። "እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩት። አየኝና ዝም አለ። ይህ ቤት ለማን እንደሚቀር እያሰላ እንደሆነ ገብቶኛል። አልፈርድበትም። በሱ ዕድሜ እኔም ሙያውን ያስተማረኝን የጋሼን ማሽን በዓይኔ ስለካ ነው የምውለው።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ 2016 ላይ ነው። የዚያን ሰሞን የሦስት ግቢ በር ቀብድ ተቀብዬ ነበር። ሐምሌ 22 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን ዘለለ። እኔ ዶላር በእጄ ይዤ አላውቅም። ግን ላሜራውም፣ ቱቦላሬውም፣ ኤሌክትሮዱም፣ የግራይንደር ዲስኩም ወይ ራሱ ወይ ጥሬ ዕቃው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ብረት ሻጩ ዋጋ መጥራት አቆመ። "እስቲ ነገ ና" ብቻ ሆነ መልሱ። ደንበኞቼ ጋ ደወልኩ። አንዷ እናት ገባቸውና ጨመሩልኝ። ሁለቱ ግን "በተነጋገርነው ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ዋጋውን የጠራሁት እኔው ነኝ። ሦስቱንም ሠርቼ አስረከብኩ። የልጆቹን ደመወዝ ከቤቴ አምጥቼ ከፈልኩ። የመጨረሻውን በር ገጥሜ በተመለስኩበት ማታ ነው ስልኬ ላይ "በያጅ ጀርመን" ብዬ የጻፍኩት።

ከዚያ በፊት ውጭ አገር አስቤ አላውቅም ማለቴ አይደለም። ዲቪ በየዓመቱ እሞላለሁ። የማይሞላ አለ እንዴ? ግን ዲቪ እንደ ዕቁብ ነው፣ ሞልተህ ትረሳዋለህ። ይኼኛው ሌላ ነው።

ጋሼ ጋ አብሮኝ ረዳት የነበረ ልጅ አለ። ቶሎ መለወጥ ፈለገና በየመን በኩል ሳውዲ ገባ። ጅዳ ብየዳ ቤት ሠራ። በ2006 ከ160 ሺህ የሚበልጥ ሰው ከሳውዲ ሲመለስ እሱም ተመለሰ፣ አንድ ፌስታል ይዞ። ልቀበለው ሄጄ ነበር። ያኔ ያለኝን አልረሳውም። "ብየዳዬን የነቀፈ የለም። እንዲያውም አሠሪዬ እጄን ይወደው ነበር። ወረቀት የለህም ተብዬ ነው የመጣሁት።" አሁን ባጃጅ ይነዳል። ማሽን ልስጥህና አብረን እንሥራ ብለው እምቢ አለ።

እና እኔ፣ ከሄድኩ በወረቀት ነው የምሄደው አልኩ። ጉዱም እዚያ ጀመረ።

ጀርመን እንደ ፈረንጆቹ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ቻንሰንካርተ የሚባል ካርድ አላት። ለአንድ ዓመት ግባና ሥራ ፈልግ ነው ነገሩ። ቢያንስ 6 ነጥብ ይጠይቃል። ልምድ ነጥብ አለው፣ ቋንቋ ነጥብ አለው፣ ዕድሜም ነጥብ አለው። እኔ 34 ዓመቴ ነው። 35ን ስሻገር ከሁለቱ የዕድሜ ነጥብ አንዱ ይሄዳል። ይህን ሳነብ እንዴት እንደተቻኮልኩ! ግን ነጥብ መቁጠር ከመጀመርህ በፊት የምታልፈው ሌላ በር አለ። ቢያንስ የሁለት ዓመት፣ አገርህ የምታውቀው የሙያ ሥልጠና ሊኖርህ ይገባል። የኔ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫዬ ማለት ነው፣ ሌቨል 2 ነው። በሥራ የተማረ ሰውም ተፈትኖ ይወስደዋል፣ እኔም እንደዚያ ነው የወሰድኩት። ወረቀቱ ፈተና ማለፌን ይናገራል። የት ተማርክ ሲባል ዝም ይላል።

የት ተማርኩ? ጋሼ ጋ። ለስድስት ዓመት። የመጀመሪያውን ዓመት ማሽን አላስነካኝም። ብረት ስቆርጥ፣ ዝገት ስፍቅ፣ አንቲረስት ስቀባ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ቀን ማስኩን ሰጠኝና "ዓይንህን ተወው፣ ስማ" አለኝ። ብየዳን በጆሮ ነው ያስተማረኝ። ኤሌክትሮዱን በልኩ ከያዝከው ሽንኩርት ዘይት ላይ ሲቁላላ የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል። ከራቀ ይፈነዳዳል። ከቀረበ ይለጠፋል። ዛሬም ረዳቶቼ ሲበይዱ ጀርባዬን ሰጥቼ ሻይ እየጠጣሁ ስህተታቸውን እነግራቸዋለሁ። ጠንቋይ እመስላቸዋለሁ። ይህን የትኛው ፎርም ላይ ነው የምሞላው?

የጋሼ ዓይን ግን ወጣ ማለት ይቻላል። በወጣትነቱ ያለ ማስክ እየበየደ ማታ ማታ ድንች ቆርጦ ዓይኑ ላይ እያስቀመጠ ነበር የሚተኛው። ለጢሱ ደግሞ ወተት ጠጣ ይሉታል። እኔም እጠጣለሁ። ወተት ለሳምባ ምን እንደሚያደርግ እንጃ። ሌሊት ሌሊት ግን ያስለኛል፣ ባለቤቴ ትቆጥራለች።

ጀርመን ያለው ጓደኛዬ ሽቱትጋርት አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ነው። "ጢሱን የሚመጥ ቱቦ ራስህ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሳምባዬ ንጹሕ ነው" አለኝ። ከደመወዙ ይልቅ ይህቺ ነች የያዘችኝ። ደመወዙንም ጠይቄያለሁ፣ አልዋሽም። ዝቅተኛው ክፍያ በ2025 በሰዓት 12 ዩሮ ከ82 ሳንቲም ነው አለኝ። በብር መታሁት። በሰዓት ከሁለት ሺህ ብር በላይ! ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ሳቀብኝ። "በዩሮ አግኝተህ በብር የምትበላ መሰለህ? የቤት ኪራዩን ስነግርህ ደግሞ መሬቱን ታያለህ።"

ለካርዱ ደግሞ ዓመቱን የምትኖርበት ገንዘብ አሳይ ይላሉ። በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብቻ በሚለቀቅ የባንክ ሒሳብ ከሆነ፣ በ2025 13,092 ዩሮ ነበር። ወደ ብር ሲመጣ ከሁለት ሚሊዮን ይበልጣል። ሁለት ሚሊዮን ብር ቢኖረኝማ የላሜራ ማጠፊያ ማሽን ገዝቼ፣ ጄኔሬተር ጨምሬ፣ መብራት ሄደ አልሄደ እግሬን ሰቅዬ እሠራለሁ እንጂ ጀርመንን ምን ብዬ አስባታለሁ?

የቀረው መንገድ እንደ አዲስ መማር ነው። የብረት ሥራ ሠልጣኝ ሆነህ ትገባለህ፣ እየተከፈለህ ትማራለህ፣ ሦስት ዓመት ተኩል። ለባለቤቴ የነገርኳት ይህን ነው። እሷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም። "ረዳት ልትሆን ነው?" አለችኝ። አዎ፣ ብጤ አልኳት። "አንተን? እዚህ ረዳቶችህን ስትቆጣ ሰፈር ይሰማል። እዚያ የሃያ ዓመት ልጅ ሲቆጣህ ችለህ ታድራለህ?" ስለ ልጃችን ታነሳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ ናፍቆት፣ ስለ ብቸኝነት መልስ ነበረኝ። ለዚህኛው አልነበረኝም። እናቴማ ጨርሶ አላስጨረሰችኝም። "ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ጀርመንን የወደድኳት በገንዘቡ ብቻ አይደለም። ባለቤቴን ሳገባ አማቼ "ልጄን ለቀጥቃጭ?" ብለው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መልሰዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው አውጀው ነበር። አዋጁ አማቼ ጋ ሲደርስ ሳይዘገይ አልቀረም። ዛሬ ይወዱኛል፣ የግቢያቸውን በር የሠራሁት እኔ ነኝ። ግን ያቺ ቃል ተቀምጣለች። እና አንድ ቀን ስልኬ ላይ፣ ጀርመን በጣም ከምትፈልጋቸው ሠራተኞች መካከል በያጆች አሉ የሚል ሳነብ፣ ደጋግሜ አነበብኩት። ትፈልጋቸዋለች። በያጆችን!

ደግሞ ታሪኩ ይገርመኛል። የዛሬ 160 ዓመት ገደማ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ጀርመኖችና ስዊሶች ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ ብለዋቸው ነበር። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው። ያን የሚያህል መድፍ የት አይተው! ግን ሴባስቶፖልን ሠሩት። ንጉሡ የሥልጠና ማስረጃ አላሏቸውም፣ መድፉን ነው ያሏቸው። እኔንስ መድፉን በሉኝ፣ ቱቦውን ስጡኝና ልበይድላችሁ።

ቱቦ ያልኩት ለነገሩ ማሳመሪያ አይደለም። ጓደኛዬ፣ "ወረቀቱም ቢሳካ መጨረሻ ላይ የሚፈትኑህ በእጅህ ነው፣ የቱቦ ብየዳ ተለማመድ" ብሎኛል። በያጆች 6ጂ የምንለው አለ። ቱቦው በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሰራል። አይዞርም። አንተ ነህ የምትዞረው፣ ከሥር ተንጋለህ፣ ከጎን ተጣመህ፣ ከላይ ተንጠልጥለህ። በር እና መስኮት ስሠራ ለኖርኩት ለኔ አዲስ ነው።

ለልምምድ የሚሆን ቁርጥራጭ ቱቦ ልገዛ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ከፈረሱ ቤቶች የመጡ በሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ከላይኛው ማጠፊያ አጠገብ ሦስት ነጥብ ብየዳ አለ። ጋሼ ሥራው ላይ አንድ ነጥብ ይጥል ነበር፣ እኔ ሦስት እጥላለሁ። ሌላ ሰው አያስተውለውም። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የገጠምኩት፣ ለብቻዬ የሠራሁት የመጀመሪያ በር ነው። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ማየት አልፈለግኩም፣ በዚያ በኩል አላለፍኩም። በሩ ግን መጥቶ አገኘኝ።

"ያንን በር የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩት ሻጩን።

"እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ። "በኪሎ ነው። ልመዝንልህ?"

ሳቄ መጣ። ጎንበስ ብዬ ብየዳውን በጣቴ ዳሰስኩት። ያኔ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መስመሩ ያስታውቃል። ግን አንድም ቦታ አልለቀቀም። ማጠፊያው ከነሲሚንቶው ነው የመጣው። የለቀቀው ግድግዳው ነው። በሩን አልገዛሁትም፣ የት አስቀምጠዋለሁ? ስድስት ቁራጭ ቱቦ ገዝቼ በታክሲ ተመለስኩ።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ማታ ማታ እለማመዳለሁ። ቱቦውን በይጄ ሲቀዘቅዝ በሴጌቶ ጣት የምታህል ቁራጭ እቆርጥለታለሁ። ሞርሳ ላይ አስሬ፣ ሥሩን፣ ማለትም የብየዳውን የውስጥ ጎን፣ ወደ ውጭ አድርጌ፣ በመዶሻ እያስገደድኩ አጥፈዋለሁ። ፈተናውም ይኸው ነው። የመጀመሪያዋ ቁራጭ ገና ግማሽ ሳትታጠፍ አፏን ከፈተች። ላይዋ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ፣ የሚያምር። ውስጧ ግን ሁለቱ ብረቶች ጭራሽ አልተገናኙም፣ የሞረዱ ጭረት እንኳ አልቀለጠም። አሥራ ስድስት ዓመት በሥራዬ ላይ ሥሩን አይቼ አላውቅም፣ በር ሥሩን አይጠየቅም። ሁለተኛዋም ተሰነጠቀች። ሦስተኛዋ ጠርዟ ላይ ብቻ። ትናንት ማታ አራተኛዋን አጠፍኩ። ቀስ ብላ ዞረች። ባትሪ አብርቼ አየኋት፣ ምንም የለባትም። በጥፍሬ ፈተሽኳት። ምንም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ዘበኛው ምን ሆነሃል ብሎ መጣ።

ጀርመንኛው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለነሱ ቃል ሁሉ ፆታ አለው። በር፣ ዲ ቱር፣ ሴት ናት። የግቢ በር፣ ዳስ ቶር፣ ወንድም ሴትም አይደለም። ዕድሜዬን ሁሉ ሁለቱንም ስሠራ ኖሬ ልዩነታቸው ይህ መሆኑን አሁን ሰማሁ። አሁን ሥራዬን መናገር እችላለሁ፤ ኢሽ ቢን ሽቫይሰር። ይህን ስለው ጆሮዬ ላይ ትልቅ ሰው ሆኜ እሰማለሁ።

ታናሽየው ረዳቴ እንደገና ገባ። ደብተሩን እያየ፣ "አለቃ፣ ያቺን ቱቦ እኔንም አሳየኝ" አለኝ። ማታ ማታ እንደምለማመድም ያውቃል ማለት ነው። ከዚህ ልጅ የሚደበቅ የለም። "መብራት ሲመጣ" አልኩት።

አራተኛዋን ቁራጭ መሳቢያ ውስጥ ከፓስፖርቴ ጋር አስቀምጫታለሁ። የሥልጠናው ማመልከቻ ግማሹ ተሞልቷል። ሙያውን የት ተማሩ የሚለው ጋ ስደርስ ባዶ ትቼዋለሁ። ዛሬ ማታ የጋሼን ስም እጽፍበታለሁ። ይቀበሉት አይቀበሉት የነሱ ጉዳይ ነው።

ልጆቹ ደጅ ጮኹ። መጣ። ማስኬን ላንሳ፣ የሴትዮዋን በር ለነገ ነው ቃል የገባሁት።