ጅማ ላይ የቀዘቀዘ ሻይ

ሻዩ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ የውሃው ሙቀት 74 ዲግሪ ነበር። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ከቦርሳዬ ስለማይጠፋ ለካሁት እንጂ በራዱን በመዳፍ መንካቱም ይበቃ ነበር፤ በቅጡ የፈላ ውሃ የያዘ በራድ መዳፍ አያስቀምጥም። የሻይ ከረጢቱ በራዱ ውስጥ አልገባም፤ ከነወረቀቱ ሳህን ላይ ተጋድሟል። ከጎኑ ሁለት ስኳር፣ ግማሽ ሎሚ፣ እንደ አበባ የታጠፈ ናፕኪን። ለዓይን ምንም አይወጣለትም።

ቦታው ጅማ ውስጥ ደህና ከሚባሉት ሆቴሎች የአንዱ ሻይ ሳሎን ነው። ስሙን አልጠራም፤ ያየሁት ጉድለት በብዙ ከተማ በብዙ ሆቴል ያለ ነውና ለአንዱ ብቻ ማሸከሙ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በዚያ ቀን ጠዋት ጅሬን ወጥቼ ነበር። እዚያ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሃል 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፤ አቀበት ስለሆነ በባጃጅ ወጥቶ በእግር መውረዱ ይሻላል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። በዘመናቸው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ነጋዴ ከየአገሩ የሚጎርፍበት ነበር። ቤተ መንግሥቱን አይቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ ሆቴል ሲገባ 10 ሰዓት ይሆናል። ጎብኚ ሁሉ ሻይ የሚያምረው በዚህ ሰዓት ነው። የሳሎኑ መስተንግዶ የሚበላሸውም በዚሁ ሰዓት ነው፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ውሃው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለጥቁር ሻይ 94 ይበቃል፤ ከዚያ በታች ግን የሚባክን ዲግሪ የለም ማለት ነው። ውሃው ከምድጃ ወደ ፔርሙዝ ሲገለበጥ ጥቂት ይቀንሳል፣ ፔርሙዙ አንድ ሁለት ሰዓት ቆሞ ሲጠብቅ ሌላ ይቀንሳል። ትልቁ ኪሳራ በራዱ ላይ ነው። ከቁም ሳጥን የወጣ ወፍራም የሸክላ በራድ ሙቀቱን ስለሚጠጣ ውሃውን በአንድ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በላይ ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ በትሪ ላይ ሆኖ ኮሪደር ያቋርጣል። ከረጢቱ ወደ ውሃው የሚገባው እንግዳው ወረቀቱን ቀድዶ ሲጨርስ ነው። በዚህ ሙቀት ሻዩ ቀለም ይሰጣል፤ ጉልበቱን ግን አይለቅም። እንግዳው ቀለሙን አይቶ ይቀዳል፣ ቀጠነብኝ ብሎ ከረጢቱን በማንኪያ ይጨምቃል፣ ያኔ ጉልበቱ ቀርቶ ምሬቱ ይመጣል።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። በራዱን በፈላ ውሃ ማለቅለቅና መድፋት፣ ሻዩን ቀድሞ ማስገባት፣ እየፈላ ያለውን ውሃ በላዩ ማፍሰስ፣ ክዳኑን መግጠም። ለ200 ሚሊ ሊትር 2 ግራም፣ ማለትም አንድ ከረጢት፤ ለሁለት ሰው በራድ ሁለት ከረጢት። በሦስት ደቂቃ ይደርሳል፤ ወተት የሚጨምርበት ሰው አራት ደቂቃ ይጠብቅ። ሲታዘዝ «እህቴ፣ ከረጢቱን በራዱ ውስጥ አድርገሽ ውሃውን እዚያው አፍልታችሁ አፍሱበት» ማለት ይቻላል። አስተናጋጇ «እሺ፣ ግን ብዙ እንግዳ ራሱ መክተት ይፈልጋል» ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ የታሸገ ሲያይ ደስ የሚለው እንግዳ ብዙ ነው።

ቅመም ሻዩ ሌላ ታሪክ አለው። የሻይ ተክሉ ሩቅ አይደለም፤ የውሽውሽ እርሻ ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ ቦንጋ አጠገብ ነው፣ የጉመሮው ደግሞ ጎሬ በኩል። ቅጠሉ እዚሁ አካባቢ በቅሎ እያለ ሳሎኑ ውስጥ የቀረበልኝ ሻይ ግን እንደ ቀለም የጠቆረ፣ ብርጭቆው ላይ ክብ ምልክት የሚተው ነበር። ጠዋት የተፈላ ነው። ቅመም ሻይ ሲፈላ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው፤ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አራት አምስት ፍሬ ሄል ተደርጎ ብቻውን 10 ደቂቃ ይንተከተካል። ቅጠሉ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሞልቶ፣ ከሁለት ሦስት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያው ማጥለል። ቅመም ቢቆይ ይጣፍጣል እንጂ አይጎዳም። ቅጠል ሲቆይ ግን ምላስ ያደርቃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ያለበት የቅመሙ ውሃ ነው፤ ቅጠሉ በየትዕዛዙ ይጨመራል። ብዙ ሆቴል ሁለቱን አብሮ ፔርሙዝ ውስጥ ያሳድራል።

ማኪያቶውን ያዘዝኩት ማሽኑ ፊት ቆሜ ነው። ቡናው ከማሽኑ መውረድ በጀመረ በ12 ሴኮንድ ውስጥ ስኒውን ሞላ፤ ነጣ ብሎ፣ እየተንዠቀዠቀ። ደህና የወረደ ቡና ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ይወስዳል፣ መጠኑም 30 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። እንዲህ የሚሮጠው ወይ አፈጫጨቱ ሻክሯል፣ ወይ በደንብ አልተጠቀጠቀም፣ ወይ መጠኑ አንሷል፤ ለአንድ ስኒ ከ7 እስከ 9 ግራም ያስፈልጋል። መፍጫው ደግሞ ጠዋት ስለተስተካከለ ብቻ ከሰዓትም ልክ ነው ማለት አይደለም፤ የአየሩ እርጥበት ሲለወጥና መፍጫው ሲሞቅ የቡናው አወራረድ ይለወጣል፣ ጅማ ደግሞ እርጥበት የማይጠፋባት ከተማ ናት። ባሬስታው ልጅ ይህን አያውቅም ማለት አልችልም። የመፍጫውን ማስተካከያ እንዳይነካ በፕላስተር ለጥፈውበታል።

ወተቱም እንደዚያው። ከቀድሞው ትዕዛዝ የተረፈው ወተት ላይ አዲስ ጨምሮ እንደገና በእንፋሎት አሞቀው። አንዴ የሞቀ ወተት ሁለተኛ ሲሞቅ አረፋው እንደ ሳሙና ትልልቅ ይሆናል፣ ወዲያውም ይጠፋል። ልኩ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ነው፤ ከ70 ሲያልፍ የወተቱ ጣፋጭነት ሄዶ የማረር ሽታ ይመጣል። በእጅ ቢለካ፣ ጣሳው መዳፍ ማቃጠል ሲጀምር ማቆም ነው። «ጠቆር ያለ» ብሎ ማዘዝ ይህን ሁሉ አያድንም፤ ወተቱን ይቀንሰዋል እንጂ ቡናውን አያሻሽለውም።

አንድ ነገር ለመንገደኛ፦ ማሽን ቡና ከማዘዝህ በፊት መብራት መቼ እንደመጣ ጠይቅ። ጀነሬተሩ አምፖሉንና ፍሪጁን ይይዛል እንጂ ብዙ ቦታ የቡና ማሽኑን አይሸከምም። መብራት ከተመለሰ በኋላ ማሽኑ እስኪግል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የግፊቱ መርፌ ቀድሞ ልክ ቦታው ላይ ስለሚደርስ ግን ሠራተኛው የተዘጋጀ ይመስለዋል። ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። በዚያ መሃል የሚወጣው ቡና ይኮመጥጣል።

እኔ ደግሞ የገባሁት ረቡዕ ነበር። ባለ ሦስት ደርብ የኬክ ማቅረቢያ የተባለው ነገር ለጾመኛ ምን እንደሚይዝ ስጠይቅ ሳንድዊቹ ቲማቲም ብቻ ሆኖ፣ የኬኩ ደርብ ባዶውን መጣ። ዋጋው ግን አልተቀነሰም። ለውዝ በሻይ ቢኖር በቂ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ባሉ ተራ ካፌዎች ሞልቷል።

አሁን ወደ 10 ሰዓቱ ልመለስ። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ ስድስቱ ላይ ሰው ነበር፤ አስተናጋጅ ግን አንዲት ብቻ። ሌሎቹ የት ሄዱ? ፎቅ፣ ስብሰባ አዳራሽ። የክልል ከተማ ትልልቅ ሆቴሎች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በጎብኚ አይደለም፤ በስልጠናና በወርክሾፕ ነው። ለ80 ሰው የሻይ ዕረፍት ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ላይ አንዴ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ አንዴ ይቀርባል፤ የታዘዘው ቀድሞ፣ ክፍያውም በአንድ ደረሰኝ ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ፔርሙዙ፣ ስኒው፣ ማንኪያው፣ ብስኩቱና ሰው ሁሉ ወደ ፎቅ ይወጣል። ሳሎን ውስጥ ያለው እንግዳ 25 ደቂቃ የሚጠብቀው ተንቆ አይደለም፤ ስኒዎቹ ገና እየታጠቡ ነው። ለዚህ ነው ስኒው እርጥብና ቀዝቃዛ ሆኖ የሚመጣው። አስተናጋጇ ላይ መጮህ ምንም አይፈይድም፤ እሷ የሌሎቹንም ሥራ ደርባ ይዛ ነው የምትሮጠው።

ሒሳቡ ላይ ደግሞ ልብ በል። በሜኑው ላይ 100 ብር የተጻፈ ነገር ደረሰኙ ላይ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኖ ይመጣል፤ መጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ተብሎ ይጨመራል፣ ቀጥሎ በድምሩ በ110 ብሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰላል። በሜኑው መጨረሻ ገጽ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የአገልግሎቱን 10 በመቶ በእጄ ብሰጣት በወደድኩ።

ከሆቴሉ በር ሃምሳ እርምጃ እንደወጣሁ አንዲት እናት ጀበና ጥደው ተቀምጠዋል። «ኖር፣ ተቀመጥ» አሉኝ በርጩማውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። ሆቴሉ ውስጥ ያለው ሶፋ ጉልበትን ከጠረጴዛው በላይ ስለሚያደርግ ስኒ ለማንሳት ወገብ ያጎብጣል፤ እዚህ ረከቦቱ ልክ እጄ ስር ነው።

ሥራቸውን ተመለከትኩ። ከሰሉ፣ ጀበናው፣ ውሃው፣ ስኒው፣ ስኳሩ ሁሉ ሳይነሱ የሚደርሱበት ርቀት ላይ ነው። ቡናው ገንፍሎ ሲወርድ ማቶቱ ላይ አዘንብለው ለአራት ደቂቃ ያህል አሰከኑት፤ አተላው ካልተቀመጠ ስኒ ውስጥ ይገባል። በዚያ መሃል ስኒዎቹን በሙቅ ውሃ አለቀለቁ። ለንጽሕና ይመስላል፤ ለሙቀትም ነው፤ ሆቴሉ በራዱ ላይ ያልሠራውን ሥራ ነው የሠሩት። ለካሁት፤ ስኒዬ ውስጥ 81 ዲግሪ ነበር። «ምን አለው?» አሉኝ ቴርሞሜትሩን አይተው። «ምንም የለውም እናቴ፣ ጥሩ ነው» አልኳቸው። «እሱን በምላስህ አታውቀውም?»

ቡናቸው የታጠበ አይደለም፤ ከነልጡ በፀሐይ የደረቀ ጀንፈል ተፈልፍሎ ነው። የጅማ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ የታጠበው በዋናነት በሊሙ ስም ወደ ውጭ ይሄዳል። ለውጭ ገበያ የሚበቃው ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሲከለከል ስለኖረ ሆቴሉም እሳቸውም ሙቀጫና መፍጫቸው ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው ከዚያ የተረፈው ነው። ስለዚህ ልዩነቱን በፍሬው ማሳበብ አይቻልም። እሳቸው ከቆሉ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ የሆቴሉ መፍጫ ላይ ያለው ፍሬ ግን ዘይቱ ወጥቶ መስታወቱን ቡናማ አድርጎታል።

በማግስቱ ሳሎኑን አንድ ዕድል ሰጠሁት። 9 ሰዓት ላይ፣ ስብሰባው ሳይወጣ። በራዱ ይለቅለቅ፣ ሻዩ ውስጥ ይግባ፣ ውሃው እየፈላ ይፍሰስ ብዬ አዘዝኩ። ያችው አስተናጋጅ ነበረች፤ በስምንት ደቂቃ አመጣችልኝ። 87 ዲግሪ። ሁለተኛውን ስኒ ስቀዳ አሁንም ይተን ነበር። ማኪያቶ ይጨመር ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ከጓሮ በኩል ጀነሬተሩ ሲንኳኳ ይሰማኝ ስለነበር ይቅር አልኳት።