ዜሮውን ከመንካትህ በፊት

የኮንትሮል ሩሙ ንባብ መስመሩ ላይ ካለው ጌጅ ጋር አልገጥም ሲል ብዙ ቴክኒሻን ወዲያው የትራንስሚተሩን (ግፊትን ወይም ፍሰትን ለክቶ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር ከረንት አድርጎ የሚልከውን መሣሪያ) ዜሮ፣ ማለትም የመለኪያውን መነሻ ነጥብ፣ ያስተካክላል። ችግሩ ያለው ሽቦው ወይም ግፊቱን ከመስመሩ ወደ ትራንስሚተሩ የሚያደርሰው ቱቦ ላይ ከሆነ ግን ደህናው መሣሪያ ይበላሻል፣ ዋናው ብልሽትም ይሸፈናል።

መጀመሪያ ለኦፕሬተሩ ተናግረህ ኮንትሮለሩን ወደ ማንዋል (በእጅ መቆጣጠሪያ) አስቀይር። ከዚያ ሚሊአምፒር መለኪያውን በተከታታይ አስገብተህ ሦስት ንባቦችን አስተያይ፦ የትራንስሚተሩን ማሳያ፣ ሚሊአምፒሩን፣ የኮንትሮል ሩሙን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተስማምተው ኮንትሮል ሩሙ ብቻ ከተለየ ትራንስሚተሩን ተወው። ለምሳሌ የትራንስሚተሩ የመለኪያ ክልል ከ0 እስከ 10 ባር፣ የኮንትሮል ሩሙ ደግሞ ከ0 እስከ 16 ባር ተብሎ ከተቀመጠ፣ 5 ባር 12 ሚሊአምፒር ይሰጣል፤ ስክሪኑ ላይ ግን 8 ባር ይነበባል። በፍሰት መለኪያም የግፊት ልዩነቱን ወደ ፍሰት የሚቀይረው ስኩዌር ሩት ትራንስሚተሩም ኮንትሮል ሩሙም ላይ ከተሰላ 50 ፐርሰንት የነበረው ፍሰት ወደ 71 ገደማ ከፍ ይላል።

በጣም የሚያሳስተው የቮልቴጅ ማነስ ነው። ምንጩ 24 ቮልት፣ የሉፑ (ከምንጩ ወደ ትራንስሚተሩ ሄዶ የሚመለሰው የሽቦ ዑደት) ጠቅላላ ሬዚስታንስ 700 ኦም፣ ትራንስሚተሩ የሚፈልገው ቢያንስ 12 ቮልት ነው እንበል። በ4 ሚሊአምፒር የሚጠፋው 2.8 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ደህና ይመስላል። በ20 ላይ ግን 14 ቮልት ይጠፋና ለትራንስሚተሩ 10 ይቀረዋል፤ ስለዚህ 17.1 ሚሊአምፒር አካባቢ ላይ ይቆማል። ይህን የስፓን (ከዜሮ እስከ ከፍተኛው ያለው የመለኪያ ስፋት) ስህተት ነው ብሎ የሚያስተካክል ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። ቮልቴጁን ትራንስሚተሩ ተርሚናል ላይ፣ ከፍተኛው ከረንት እየፈሰሰ ለካ። የዛገ ተርሚናልም ይኸው ጠባይ አለው።

ሉፑ ንጹህ ከሆነ ወደ ቱቦዎቹ እለፍ። ግፊቱ ሲለዋወጥ ንባቡ ዘግይቶ የሚከተል ወይም ደርቆ የሚቀር ከሆነ ቱቦው መደፈኑን ጠርጥር። በልዩነት ግፊት መለኪያ ላይ የሚያፈስ ኢኳላይዚንግ ቫልቭ (ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የግፊት ጎን የሚያገናኘው) ንባቡን ሁልጊዜ ወደ ታች ይጎትታል። ሁለቱ ብሎክ ቫልቮች (ከመስመሩ የሚመጣውን ግፊት የሚዘጉት) ክፍት ሳሉ ደግሞ ኢኳላይዚንግ ቫልቩን አትክፈት፤ በእንፋሎት መስመር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ይሄድና ሴንሰሩ ለሙቀት ይጋለጣል።

ካሊብሬተር፣ ማለትም የታወቀ ግፊት የሚሰጥ መሞከሪያ፣ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ምንም ሳትነካ በ0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ፐርሰንት ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ታች እየሄድክ መዝግብ፤ የሚጠበቀው 4፣ 8፣ 12፣ 16 እና 20 ሚሊአምፒር ነው። በሁሉም ነጥብ እኩል 0.16 ከፍ ካለ ዜሮው ፈቀቅ ብሏል። በ4 ልክ ሆኖ እስከ 20 እየሰፋ ከሄደ ስፓኑ ነው። ሲወጣና ሲወርድ የተለያየ ከሆነ ግን በማስተካከል አይድንም፤ ዲያፍራሙን (ግፊቱን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን) መርምር። የአብሶሉት ግፊት ትራንስሚተርን ዜሮ ደግሞ በአየር ላይ ክፍት አድርገህ አታስተካክል፤ የእሱ ዜሮ ቫክዩም ነው።