በሞቢል የልምምድ ሜዳ ተጫዋች የምመዝነው እንዲህ ነው

ለድራፍት (ፕሮፌሽናል ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ ለሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) የሚቀርቡ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን አንድ ቦታ ሰብስቦ ለማየት ከሲኒየር ቦውል፣ ማለትም የኮሌጅ ዘመናቸውን የሚጨርሱ ምርጦች ከሚጋበዙበት ጨዋታ፣ የተሻለ አላገኘሁም። በየዓመቱ በጥር መገባደጃ አካባቢ አላባማ ውስጥ በሞቢል ከተማ ይካሄዳል። ጨዋታው ቅዳሜ ቢሆንም ለስካውት (ለተጫዋች መልማይ) ሥራ ያለው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ልምምድ ላይ ነው። ብዙዎቹ ስካውቶች ጨዋታውን ሳይጠብቁ ይሄዳሉ፤ እኔም ቅዳሜን በቴሌቪዥን ነው የማየው።

ከልምምዱ በፊት ልኬት አለ። ቁመት በአራት አኃዝ ይጻፋል፤ 6034 ማለት 6 ጫማ ከ3 ኢንች ከ4 ስምንተኛ ነው፣ ማለትም 3 ኢንች ተኩል። ኮሌጁ ድረ ገጹ ላይ ከጻፈው አንድ ኢንች ቢጎድል አይግረማችሁ። መዳፍ የሚለካው በስንዝር ነው፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ። ለታክል (በኦፌንስ መስመር ጫፍ ላይ ለሚሰለፈው) ግን ዋናው የክንድ ርዝመት ነው፤ ከ33 ኢንች ካነሰ ከስሙ አጠገብ «ጋርድ?» (ከታክሉ ወደ ውስጥ የሚሰለፈው) ብዬ እጽፋለሁ።

ተጫዋቾቹ የየኮሌጃቸውን ሄልሜት አድርገው ስለሚለማመዱ ከሩቅ ለመለየት ከማሊያ ቁጥር ይልቅ ሄልሜቱ ይፈጥናል። ለአንድ ልምምድ የአንድ ቦታ ተጫዋቾችን ብቻ እመርጣለሁ። ኳሷን የሚከተል ዓይን ሁሉንም ያያል፣ ማስታወሻው ላይ ግን የሚጽፈው አያገኝም።

ጩኸቱም ስህተቱም የሚበዛው አንድ ለአንድ ፍልሚያው ላይ ነው። አንድ የኦፌንስ ላይንማን (የአጥቂው ቡድን የመስመር ተጫዋች) አንድ ፓስ ረሸርን (ኳስ ወርዋሪውን ለመያዝ የሚገሰግሰውን ተቃራኒ) ብቻውን እንዲያቆም ይደረጋል። በጨዋታ ላይ የሚረዳው ጓደኛ አጠገቡ አለ፤ እዚህ ግን ረሸሩ ግራና ቀኙ ክፍት ነው፣ ኳሷን ቶሎ የሚወረውር ኳርተርባክም ስለሌለ ሁለተኛና ሦስተኛ ሙከራ ያገኛል። ፍልሚያው ከመነሻው ለረሸሩ ያደላ ነው። ስለዚህ ስቶፕዎች (ሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት) እይዛለሁ፤ ኳሷ ከተነሳች 2.5 ሰከንድ ካለፈ በኋላ የመጣን ድል ለረሸሩ አልቆጥርለትም። ከላይንማኑ ደግሞ ሁሉንም ማሸነፍ አልጠብቅም። የማየው እንዴት እንደተሸነፈ ነው፦ ከወገቡ ጎነበሰ ወይስ ከጉልበቱ ዝቅ አለ? እጁ ያረፈው ደረት ላይ ነው ወይስ ከትከሻ ውጭ? ከተገፋ በኋላ እግሩን መልሶ ተከለ? ላይንማን እጁ ወደ ውጭ ከሄደ ጨዋታ ላይ ሆልዲንግ (ተቃራኒን የመያዝ ጥፋት) ይጠራበታል።

ማስታወሻዬ ላይ ለእያንዳንዱ ፍልሚያ የተቃራኒውን ስም፣ የተሰለፈበትን ጎን፣ የተጠቀመበትን ስልትና ውጤቱን አሰፍራለሁ። የተቃራኒው ስም የሌለበት ቆጠራ ዋጋ የለውም፤ ከደካሞች ጋር እየተሰለፈ አምስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ኮከብ መስሎ ይታያል። የምቆምበትም ቦታ ለውጥ ያመጣል። ከላይንማኑ ጀርባ ሲሆን እጅና ዳሌ፣ ከጎን ሲሆን የረሸሩ አነሳስ ይታያል፤ ስለዚህ ግማሹ ላይ ቦታ እቀይራለሁ።

በሪሲቨር (በኳስ ተቀባዩ) እና በኮርነርባክ (እሱን በሚጠብቀው ተከላካይ) መካከል ያለው ፍልሚያ ደግሞ ለሪሲቨሩ ያደላል፤ የሚያጣድፍ ረሸርም ከኋላ የሚረዳ ሴፍቲም የለም። እዚህ የሚያሸንፍ ኮርነርባክ ሁለት እጥፍ ይቆጠርለታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ኩዊንዮን ሚቸል ያን ያህል የተወራለት ለዚህ ነው፤ በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ ኢግልስ በ22ኛ ምርጫ ወሰደው። ኮርነርባክ ሲቀደም ማሊያ የሚጎትት ከሆነ ምልክት አደርግበታለሁ።

ኳርተርባኮችን ግን በልምምድ ብዙ አልፈርድባቸውም። ከማያውቋቸው ሪሲቨሮች ጋር፣ በጥቂት ቀን በተሰጣቸው የጨዋታ ዕቅድ ነው የሚወረውሩት፤ ቀድማ ወይም ዘግይታ የደረሰች ኳስ የማንም ጥፋት ላትሆን ትችላለች። የእግር አጣጣላቸውንና ኳሷ ነፋስ ውስጥ እንዴት እንደምትሄድ አይቼ አልፋለሁ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የማክሰኞና የሐሙስ ልዩነት ነው። ማክሰኞ በአንድ ስልት የተሸነፈ ልጅ አሠልጣኙ ካረመው በኋላ ረቡዕ በዚያው ስልት ሲመጡበት ምን አደረገ? የትናንሽ ኮሌጆች ልጆች ራሳቸውን የሚያሳዩት እዚህ ላይ ነው። ከዲቪዥን ሦስት (ከኮሌጅ ውድድር ዝቅተኛ እርከን) የመጣው ኩዊን ማይነርዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ሞቢል ሲደርስ የኮሌጁ የ2020 የውድድር ዘመን በወረርሽኙ ተሰርዞ ነበር፤ ኮሌጅ ውስጥ ጋርድ ቢሆንም ሴንተር (የመስመሩ መሃል) ቦታ ላይም ተለማመደ። ዴንቨር ብሮንኮስ በሦስተኛው ዙር፣ በ98ኛ ምርጫ ወሰደው።

ከሞቢል መልስ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ ሦስት የኮሌጅ ጨዋታ በቪዲዮ አያለሁ፣ ከተቻለ ከጠንካራ ቡድን ጋር የተደረገውን። የዲፌንስ ላይንማኑ አሮን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲመጣ ጥርጣሬው ቁመቱ ላይ ነበር፤ ልምምዱ ቪዲዮው የሚለውን ደገመ፣ ራምስም በ13ኛ ምርጫ ወሰዱት። እንዲህ ሲገጣጠሙ ሥራው ቀላል ነው። ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን የሦስት ቀን ልምምድ የአንድ ዓመት ጨዋታን እንዲሽር አልፈቅድም፤ ነጥቡን ባለበት ትቼ ሌላ ሦስት ጨዋታ እጨምራለሁ፣ ልምምዱ ላይ ያስገረመኝን ያንኑ አንድ ነገር ብቻ ፍለጋ።