ለአንድ ጂፒኤስ ሐዋሳ ድረስ

ሐዋሳ የሄድኩት ዓሣ ልበላ አይደለም። በልቻለሁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ያገለገሉ የጂፒኤስ መሣሪያዎች እንደሚሸጡ ጓደኛዬ ስለነገረኝ ነው የሄድኩት።

ተራራ መውጣት እወዳለሁ። ስልኬ ላይ ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባል የካርታ መተግበሪያ አለ። ካርታውን ቀድመው ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ብዙ ሰው “ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ የለም” ይላል። እንደዚያ አይደለም። ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በቀጥታ ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ኔትወርክ ቢኖር ቶሎ ያገኘዋል፣ ባይኖር ትንሽ ይቆያል። የእኔ ጭንቀት ባትሪው ነው። ፎቶ አንሳ፣ ካርታ ክፈት፣ እናትህ ስትደውል አንሳ፤ ከሰዓት በኋላ ስልኩ የለም። ስለዚህ መጠባበቂያ ፈለግኩ። ያማረ ካርታ የሚያሳይ አይደለም። የመጣሁበትን መንገድ ብቻ የሚያስታውስ ይበቃኛል።

ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ ሐዋሳ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ከዝዋይ በኋላ ተኝቻለሁ። ረዳቱን ግን አልረሳውም። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ሆኖ “ቦታ ይዟል” ብሎ ተጨማሪ 150 ብር ጠየቀኝ። ጭኑ የእኔ ነው አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱ ብቻ አልሳቀም። 100 ብር ከፈልኩ።

ጋሼ (በዚሁ ልጥራቸው) ታቦር ተራራ ሥር ቀጠሩኝ። “ጂፒኤስ ቤት ውስጥ አይገዛም” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጣሪያ ሥር ሆኖ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አይቻልም። ታቦር እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ ትንሽ ዳገት ወጥተው ሐይቁንም ከተማውንም ያያሉ። አዳማ መሃል እንዲህ ያለ ኮረብታ ቢኖረን አናቱ ላይ ሥጋ ቤት ከፍተንበት ነበር።

ሦስት መሣሪያ ድንጋይ ላይ ደረደሩ። አንዱ በጣም ያረጀ ነው። “መጀመሪያ ቀኑን እይ፣ ልጄ” አሉኝ። አየሁ። ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዷል! እኛ ከፈረንጅ የምንዘገየው 7 ወይም 8 ዓመት ነው፤ ይሄኛው ብሶበታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ነባሩ የጂፒኤስ ምልክት ቀን የሚያሰላው በሳምንት ቁጥር ነው። ቆጠራው 1024 ሲሞላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ የዞረው መጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ አሮጌ መሣሪያ ይህን አይረዳም። ቦታ አይስትም፣ ቀን ግን ይስታል። ጋሼ ራሳቸው “ይሄን ለማሳየት ነው ያመጣሁት፣ አልሸጥልህም” አሉ። ሻጭ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ባለ ትልቅ ስክሪን ነው፤ በጣት እየነኩ የሚሠሩበት። ቀለሙ ያምራል። 28 ሺህ ብር። ባትሪው አይወልቅም፣ በቻርጀር ብቻ ነው። ሦስተኛው ኢትሬክስ 10 የሚባል የጋርሚን መሣሪያ ነው። ትንሽ፣ ጥቁርና ነጭ ስክሪን፣ ጎኑ ላይ ቁልፎች፣ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ። 9 ሺህ ብር አሉ። ዝም አልኩ። ዋጋ ሲጠሩብኝ ዝም ማለት ከአባቴ የወረስኩት ብቸኛ ሀብት ነው።

ከዚያ ጋሼ ያልጠበቅኩትን አደረጉ። “መታወቂያህን አስይዝና ሁለቱንም ነገ ወንዶ ገነት ይዘህ ውጣ” አሉኝ። ከመስጠታቸው በፊት ቅንብሩን አሳዩኝ። ዩቲኤም ማለት ዓለምን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ሥርዓት ነው። በእኛ አገር ሰፊው ክፍል ዞን 37 ነው፣ ሐዋሳም አዳማም እዚያ ውስጥ ናቸው። ቀጥሎ ዳተም የሚባለው አለ፤ የካርታው ልኬት የሚነሳበት መሠረት ማለት ነው። የድሮዎቹ ባለ 1:50,000 የወረቀት ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ልኬት ነው የተሠሩት፤ መሣሪያው ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብሊውጂኤስ 84 ላይ ነው። ሳያስተካክሉ ከወረቀቱ ጋር ካመሳከሩት 200 ሜትር ገደማ ይሳሳታል። “ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ገደል አጠገብ ነው ጉዱ” አሉ።

ሌሊቱን አታንሱት። ያደርኩበት ፔንሲዮን ከባር ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዘፈኑ ሲያልቅ ትንኙ ጀመረ። ጠዋት “የሙቅ ውሃ” ተብሎ 100 ብር ተጨመረብኝ፤ ሙቅ ውሃውን ግን አላየሁትም። አዳማ ሙቅ ውሃ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ቧንቧው ራሱ አሙቆ ነው የሚያመጣው።

ወንዶ ገነት ግን ሁሉንም አስረሳኝ። ከደን ኮሌጁ በላይ ያለው ጫካ ውስጥ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። አንዲት እናት በቆሎ ከሚጠብሱበት ቦታ ላይ ነጥብ ያዝኩና ሽቅብ ወጣሁ። ዛፉ ጥቅጥቅ ሲል የሁለቱም መሣሪያ የስህተት መጠን ከፍ ይላል፤ ገላጣ ላይ 4 እና 5 ሜትር የነበረው 12 ሆነ። ይሄ ለእኔ በቂ ነው።

ከዚያ ጉም ወረደ፣ ዝናብ ተከተለ። ባለ ስክሪኑ አበደ። ጠብታው ሲያርፍበት ጣት እየመሰለው ሜኑ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ካርታውን ያንሸራትታል። በእርጥብ እጅ ብጠርገው ባሰበት። ትንሹ ግን ቁልፍ ስለሆነ ዝናብ አይገደውም። የመጣሁበትን መንገድ መልሰህ አሳየኝ አልኩት፣ አሳየኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይሄ መሣሪያ ውስጡ ኮምፓስ የለውም። ቆመው ካዩት ቀስቱ ይዋሻል። ጥቂት እርምጃ ሲራመዱ ነው ወዴት እንደዞሩ የሚያውቀው። ታማኝነቱም ከልክ ያለፈ ነው፤ ጉሬዛ ልከተል የዞርኩትን ዙር ሁሉ እንደገና አስዞረኝ። በስብሼ ስደርስ የሴትዮዋ ልጅ እየሳቀ አንድ ቀጥተኛ የእግር መንገድ አሳየኝ። አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ! ሴትዮዋ “ና ልጄ፣ ግባ፣ ተጠለል” ብለው በቆሎ ሰጡኝ። ገንዘብ ባወጣ ተቆጡኝ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ አምራቹ ብዙ ሰዓት ይቆያል ይላል። ከኪዮስክ በገዛሁት ርካሽ ድንጋይ ግን የባትሪው ምልክት በግማሽ ቀን ወረደ። አልካላይን መግዛት ይሻላል። ቢሆንም ሲያልቅ የትም ገጠር ሱቅ ይገኛል፣ አውጥቶ መክተት ነው። ያኛው ቢያልቅበት ጫካ ውስጥ ሶኬት ከየት ይመጣል?

ጋሼን ሐዋሳ ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል አገኘኋቸው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጥብስ በዳጣ አዘዝን። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አጠገባችን ቆሞ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ያየናል። ትንሹን እፈልጋለሁ አልኳቸው። “ምነው፣ ትልቁ ይሻልሃል ብዬ ነበር” አሉ፣ እየሳቁ። በ7,500 ተስማማን፤ ዓሣውን እኔ ከፈልኩ። መታወቂያዬን መለሱልኝ። ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ገመድ ስጠይቃቸው ጠፍቷል አሉ። የድሮ ዲጂታል ካሜራ የሚጠቀምበት ሚኒ ዩኤስቢ ነው፤ አዳማ ከስልክ ጠጋኞች አላጣውም። ባላገኘውም ግድ የለም፤ ነጥብ ለመያዝ ኮምፒውተር አያስፈልግም።