ከመረቡ ጀርባ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴቶች እጅ ኳስ ቡድን ጉልበተኛዋ ተጫዋች ከ9 ሜትር የምትለቀው ኳስ ሁሉ በረኛዋ እጅ ላይ ይቀር ጀመር። ወጣቱ አሠልጣኝ ጉልበት ያነሳት መሰለውና ግድግዳ ላይ ደጋግማ እንድትወረውር አዘዛት። ብዙም ሳይቆይ ትከሻዬን አመመኝ አለች።

ነገሩን የፈታው ልምምድ ሊያይ ጎራ ያለ ጡረተኛ የስፖርት መምህር ነው። ሜዳው ዳር ጥቂት ቆየና ሄዶ ከመረቡ ጀርባ ቆመ። አሠልጣኙንም ጠራው።

«እዚያ ከኋላዋ ቆመህ ምን ይታይሃል? ና እስቲ ከዚህ ሁነህ እያት።»

«እኔ እኮ ጋሼ፣ ኳሱ የሚያርፍበትን ነው የማየው።»

«ካረፈ በኋላማ ምን ያደርግልሃል? አንች፣ የት እንደምትወረውር በምን ታውቂያለሽ?»

በረኛዋ አላመነታችም። «ክርኗ ከወረደ ኳሱ ከደረቴ በላይ አይመጣም። ሁልጊዜ ደግሞ ይወርዳል ጋሼ።»

ከወገብ እስከ ደረት ያለው ከፍታ ለበረኛ ቀላሉ ነው፤ እጅም ጭንም ቅርብ ነው። የጎሉ ስፋት 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ሆኖ ሳለ ልጅቷ የምትጠቀመው መሃሉን ብቻ ነበር። ግን ክርኑ ለምን ይወርዳል? ጡረተኛው ኳሱን አነሳና ክር ዙሪያውን አዙሮ ለካው፤ 59 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ቁጥር 3፣ የወንዶች ኳስ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የተገኘው እሱ ብቻ ነበር። ለሴቶች የሚሆነው ቁጥር 2 ዙሪያው ከ54 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ325 እስከ 375 ግራም ነው። የወንዶቹ እስከ 475 ግራም ይደርሳል። ጣቶቿ ኳሱን ከላይ ጨብጠው መያዝ ስላልቻሉ እንደ ማሰሮ ከሥር ትደግፈው ነበር። ከሥር የተደገፈ ኳስ ክርንን ያወርዳል፤ ክርን ከወረደ ደግሞ ኳሱ ይገፋል እንጂ አይወረወርም፤ ጫናውም ሁሉ ትከሻ ላይ ያርፋል። ግድግዳው ላይ መደጋገሟ ሕመሙን አባባሰው እንጂ ውርወራዋን አላስተካከለውም።

ቁጥር 2 ኳስ በውሰት ተገኘ። ትከሻዋ እስኪሻላትም አረፈች። ከዚያ ልምምዱ ከ6 ሜትር መስመር፣ በቆመችበት ተጀመረ፦ ግራ እግር ከፊት፣ ክርን ከትከሻ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ መጨረሻ ላይ የእጅ አንጓ ወደ ታች መታጠፍ። በአራቱም የጎል ማዕዘኖች ፌስታል ተንጠለጠለ፤ ፌስታሉን ያልነካ ኳስ መረብ ቢገባም አይቆጠርም። ይህ ሳይለመድ በረኛ ማስገባት ጥቅም የለውም፤ ወርዋሪዋ ገና ክርኗን እያሰበች በረኛዋን ማየት አትችልም።

ቀጥሎ ዝላይ መጣ። ለቀኝ እጅ ወርዋሪ እርምጃው ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ነው፤ የምትነሳውም በግራ እግር ነው። ብዙ ልጆች ገና ከመሬት ሲነሱ ይለቃሉ፤ በረኛ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። ኳሱን ዝላዩ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ያዝ አድርጋ ብትቆይ በረኛዋ ቀድማ ትንቀሳቀሳለች፤ የለቀቀችው ማዕዘን ያኔ ይታያል። ዓይንም ያሳብቃል፤ ማዕዘኑን ሳይሆን የበረኛዋን ደረት ማየት ይሻላል።

መሬት አንጥሮ ማግባት ሜዳውን ማወቅ ይጠይቃል። ሲሚንቶ ላይ ከጎል መስመሩ 1 ሜትር ያህል ቀደም ብሎ፣ ከበረኛዋ እግር ጎን የነጠረ ኳስ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው። በሰኔና በመስከረም ሣሩ ሲርስ ግን ያው ኳስ ይሞታል፤ ተንሸራትቶ በረኛዋ እግር ሥር ይገባል። ጠጠር ባለበት አፈር ላይ ደግሞ አቅጣጫው አይታወቅም። በእንዲህ ያለ ሜዳ ወደ ላይኛው ማዕዘን መወርወር ይመረጣል።

የ7 ሜትር ቅጣት ለብቻው መለማመድ አለበት። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ያለው ጊዜ 3 ሴኮንድ ነው፤ ኳሱ እስኪለቀቅ ድረስም የአንድ እግር ክፍል መሬት መንካት አለበት። በረኛዋ እስከ 4 ሜትሩ መስመር መውጣት ትችላለች። ከወጣች ማዕዘኑ ይጠባል፤ ያኔ ከራሷ በላይ ቀስ አድርጎ ማሳለፍ ያዋጣል። ጎሏ ላይ ከቀረች ደግሞ እጇን ከፍ አድርጋ ከጠበቀች ታች፣ ዝቅ ካለች ላይ ነው። የቆመችበትን ማየት የሚገባው ፊሽካው ሳይነፋ ነው።