ጣት ሲነሳ ፊደሉ ወዴት ይሄዳል?

ሰሞኑን አንዲት ትንሽ ነገር ላይ ነው የከረምኩት። ለልጆች የፊደል መማሪያ አፕ ፍላተር በሚባለው የአፕ መሥሪያ እየሠራሁ ነው። ልጁ ድምፅ ይሰማል፤ ከታች ከተደረደሩት ሰባት ፊደላት ትክክለኛውን በጣቱ ጎትቶ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ከተሳሳተ ፊደሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

መመለሱን መጀመሪያ የሠራሁት በቋሚ ጊዜ ነበር። ከየትም ይነሳ፣ በምንም ፍጥነት ይለቀቅ፣ በ300 ሚሊሰከንድ ቦታው ይደርሳል። ኮምፒውተር ላይ በማውስ ስሞክረው ምንም አልታየኝም። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ግን አትጎትትም፣ ትወረውራለች። ጣቷ እንደተነሳ ፊደሉ ባለበት ድርቅ ይልና ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለቴ ሞከረችና ስልኩን አስቀመጠችው።

ችግሩ የጣቷ ፍጥነት መጥፋቱ ነው። ኳስ ከእጃችሁ እንደወጣ አየር ላይ ቀጥ ቢል እንዴት ግር እንደሚላችሁ አስቡት።

ስለዚህ ፊደሉን ከቦታው ጋር በማይታይ ሞላ አሰርኩት። ሞላ ምን እንደሚያደርግ ከትምህርት ቤት ፊዚክስ እናውቃለን፤ በተለጠጠ ቁጥር የሚስብበት ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራል፣ የሁክ ሕግ የምንለው ነው። ፍላተር ላይ ስፕሪንግ ሲሙሌሽን ይሄንን ይሠራል፤ የሚፈልገው ማስ፣ ስቲፍነስና ዳምፒንግ ነው። ማስ የሚንቀሳቀሰው ነገር ግዝፈት ነው፣ 1 አድርጋችሁ እርሱት። ስቲፍነስ የሞላው ጥንካሬ ነው። ዳምፒንግ ደግሞ ውዝዋዜውን የሚያበርደው ነው፣ እሱን በግምት አትስጡት። ስቲፍነስን በማስ አባዙና የውጤቱን ስኩዌር ሩት በሁለት አባዙ፤ ዳምፒንጉ እዚያ ሲደርስ መወዛወዙ ያበቃል። ለ300 ስቲፍነስ 35 ገደማ ይመጣል። እኔ የረጋሁት 26 ላይ ነው፣ ማለትም ሦስት አራተኛው ላይ። ቦታውን ትንሽ አልፎ ይመለሳል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

ዋናው ነገር ግን ቁጥሮቹ አይደሉም። ጣት ጎትቶ ሲነሳ ፍላተር የሚጠራው ኦን ፓን ኢንድ የጣቱን ፍጥነት በሰከንድ በፒክስል ይዞ ይመጣል። ብዙ ሰው ይሄን ይጥለዋል። እሱን ለሲሙሌሽኑ መነሻ ፍጥነት አድርጋችሁ ስጡት፤ ያኔ ፊደሉ ወደ ተወረወረበት ትንሽ ይሄድና፣ ሞላው ይዞት፣ ዞሮ ይመጣል። ይሄ ሳይኖር ሞላው ጌጥ ብቻ ነው።

አንድ ሙሉ ምሽት የበላብኝን ልንገራችሁ። ፍጥነቱን ሰጥቼው እንኳ ፊደሉ አሁንም ድርቅ ይላል። ለካ እንቅስቃሴውን የሚነዳው ተራው አኒሜሽን ኮንትሮለር ዋጋውን በ0 እና በ1 መካከል ያጥረዋል፤ ሞላው ከ0 በታች ወይም ከ1 በላይ ልሂድ ሲል ይቆርጠዋል። መፍትሔው አንባውንድድ የሚባለው፣ ወሰን የሌለው ኮንትሮለር ነው። እሱንም ሁለት አድርጉት፣ አንድ ለአግድም፣ አንድ ለቁመት። በአንድ ኮንትሮለር ከሠራችሁት ፊደሉ ቀጥ ባለ መስመር ብቻ ነው የሚመላለሰው፤ በጎን ሲወረወር የሚሠራው ያ የሚያምር ጥምዝ ይጠፋል።

ልጆች ፊደሉን በበረራ ላይም ይይዙታል። ስለዚህ ጣት ስክሪን እንደነካ፣ ገና ኦን ፓን ዳውን ላይ፣ ኮንትሮለሮቹን አቁሟቸው። ግን ስክሮል በሚደረግ ገጽ ውስጥ ከሆነ ጣቱ ነክቶ ብቻ ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ የሚጠራው ኦን ፓን ካንስል ነው። እዚያም ላይ ሞላውን መልሳችሁ ካላስነሳችሁ ፊደሉ መሃል መንገድ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሌላው፣ ሲሙሌሽኑ አልቋል የሚለው እንቅስቃሴው ከ0.001 በታች ሲወርድ ነው። በፒክስል ስትሠሩ ይሄ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ነው። ዓይን መቆሙን ካየ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ቆይቶ ነው ቀጣዩ ድምፅ የሚመጣው፣ ልጅ ደግሞ አይጠብቅም። ቶለራንሱን፣ ማለትም ቆሟል የሚባልበትን ወሰን፣ ለርቀት 0.5፣ ለፍጥነት 10 አደረግኩት።

ርካሽ ስልክ ላይ ሞክሩት፣ እባካችሁ። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል ሲያሳይ፣ ለአንዱ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። እኔ በሴት ስቴት ገጹን በሙሉ እንደገና አሠራው ነበር፤ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ብቻ እንደገና የሚሠራውን አኒሜትድ ቢልደርን በአንዱ ፊደል ላይ ብቻ ሳደርገው መንተፋተፉ ቆመ።

መጨረሻ የጨመርኩት በጣም የምወደውን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል ወይ ብዬ የምጠይቀው ጣቱ የተነሳበትን ቦታ ሳይሆን ፊደሉ በዚያ ፍጥነት ሄዶ የሚያርፍበትን ቦታ ነው። ፍጥነቱን ለ1000 አካፍላችሁ በ0.99 አባዙና ለ0.01 አካፍሉት፤ በሰከንድ 1000 ፒክስል የተወረወረ ፊደል 99 ፒክስል ያህል ርቆ ያርፋል። እዚያ ሳጥኑ ካለ ሞላው መልሶ ወደ ቤቱ መጎተቱን ትቶ ወደ ሳጥኑ ይስበዋል።

ትናንት የእህቴ ልጅ «ሰ»ን ከሳጥኑ ራቅ ብላ ለቀቀችው። ገባ። ከዚያ «ለ»ን አነሳች።