ደረጃዬን ሦስት ጊዜ ጠገንኩት

የቤቴ መግቢያ ደረጃ ጠርዝ ሲፈረፈር ሲሚንቶና አሸዋ አቡክቼ ጎዶሎውን ሞላሁና በማንኪያ አለሰለስኩት። ቆንጆ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ግን እንደ ቁስል ቅርፊት ብድግ ብሎ ተነሳ። ሲሚንቶው አንሶ ነው ብዬ ሁለተኛውን ዙር አብዝቼ፣ ውሃውንም ጨምሬ ደገምኩት። ይሄኛውማ በሳምንቱ ተሰነጣጠቀ፤ ሲሚንቶና ውሃ የበዛበት ድብልቅ ሲደርቅ ይበልጥ እንደሚኮማተር ያኔ የት አውቄ።

ለሦስተኛ ጊዜ ከመነሳቴ በፊት የወደቀውን ልጣጭ ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ሙሉ አቧራ ነው። አዲሱ ድብልቅ አሮጌውን ኮንክሪት ጭራሽ አልነካውም፤ የያዘው አቧራውን ነበር።

መዶሻ አንስቼ ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር መታ መታ አደረግሁ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ጀሪካን ያስተጋባል። ለዓይን ከሚታየው ቁስል ሦስት እጥፍ የሚሆን ቦታ ለቆ ተገኘ። ያን ሁሉ በመሮ አፈረስኩ። ዳር ዳሩንም ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት፤ እየሳሳ የሚያልቅ ጫፍ ከሁሉ ቀድሞ ይፈረፈራልና። (መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ሳታደርጉ እንዳትሞክሩት፤ የኮንክሪት አቧራ ሳንባ ይጎዳል።)

ከውስጡ የዛገ ፌሮ ወጣ። ጥፋተኛው እሱ ነበር፦ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ከፌሮው ጀርባ ጣት እስኪያስገባ ፈልፍዬ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት። ውፍረቱ ብዙም ስላልቀነሰ ቀጠልኩ። ምሰሶ ወይም ሰገነት ቢሆን ኖሮ ግን እጄን ሰብስቤ መሐንዲስ እጠራ ነበር።

ውሃው ከየት መጣ? ቀና ብዬ ሳይ አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ዝናብ በመጣ ቁጥር እዚያው ደረጃ ላይ ይንጠባጠባል። ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዚያ አቧራውን በብሩሽና በውሃ አጥቤ ቦታውን ከዋዜማው ጀምሮ አራስኩት። ደረቅ ኮንክሪት ከአዲሱ ድብልቅ ውሃውን መጥጦ ያደርቅበታል። በማግስቱ ቦታው እርጥብ ሆኖ ውሃ ያልተኛበት መሆኑን አየሁና ሲሚንቶ በውሃ በጥብጬ በብሩሽ ፈትጌ ቀባሁት፤ እሱ ሳይደርቅ ወዲያው ሞላሁበት። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሦስት እጅ አሸዋ፤ ጉድጓዱ ጠለቅ ባለበት ደቃቅ ጠጠር ጨመርኩ። ውሃው ልክ የሚሆነው በጓንት ጨብጣችሁት ቅርፁን ሲይዝና ሳይንጠባጠብ ሲቀር ነው። ጓንቱን ችላ ብዬ ጣቶቼ ለቀናት ተላልጠውብኛል፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል።

ፊት ለፊቱን በጣውላ ደግፌ እየጠቀጠቅሁ ሞላሁት። መጨረሻ ላይ የተረፈው ድብልቅ መድረቅ ሲጀምር ውሃ ጨምሬ ልጠቀምበት እጄ ሄዶ ነበር። ደፋሁት፤ አንዴ መጠንከር የጀመረውን በውሃ መመለስ ጥንካሬውን መግደል ነው።

በጣም የተቸገርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤተሰቡን በጓሮ በር ማስገባት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ውህደት እንጂ በመድረቅ አይደለም፤ ቶሎ ከደረቀ ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። እርጥብ ጆንያ አልብሼ፣ በላዩ ላስቲክ ዘርግቼ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። ከባድ ዕቃ እንዳይወጣበት ደግሞ 28 ቀን ጠበቅሁ።

ሁለት ክረምት አልፎበታል። በመዶሻ ስመታው ድምፁ ከአሮጌው አይለይም። ቀለሙ ግን ነጣ እንዳለ ቀርቷል፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።